በድሬዳዋ ላሜራ የዳነች ቮልስ፦ ዘጠኝ ወር ያመላለሰኝ ጋራዥ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና ታሪኩን የፈለገ ያንብበው። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ ላሜራዋን ዝገት በልቶባችሁ "ስቱኮ ሞልተን ቀለም እንቀባታለን" የተባላችሁ ሰዎች፣ መኪናችሁን እኔ ለሰጠሁት ዓይነት ሰው ስጡ። የምትቸኩሉ ከሆነ ግን አትስጡት። አራት ወር ብሎኝ ዘጠኝ ወር አቆይቶኛል። ስልክ አላነሳ ብሎኝ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ እንባዬ የመጣበት ቀን አለ። ዛሬ ደግሞ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ደጅ ካደረች በኋላ፣ ምንጣፏን ገልጬ ወለሏን በመዳፌ ስዳብሰው ደረቅ ነው። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ጋራዡ ታፔላ የለውም። ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ በር ነው። ግቢው ከአምስት መኪና በላይ አይዝም። ባለቤቱ ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ እንደ ሠራተኞቹ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቮልስ ላይ የኖረ ሰው ነው። ሌላ መኪናም ይሠራል፤ ቮልስ ስትገባ ግን ሌላውን ለልጆቹ ትቶ ራሱ ይነሳል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። 1300 ቮልስ፣ በፈረንጅ የ1971 ሞዴል፣ አባቴ በ1964 ዓ.ም. አዲሷን የገዛት። ቀለሟ ክሬም ነው። እኔና ወንድሞቼ ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። ጠዋት ሲበርድ አባቴ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ያለችውን ማንሻ ሳብ ያደርጋትና ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር እግራችንን ያሞቀን ነበር። ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት እስካሁን ባይዋት ቁጥር መስከረም 2 ቀን 1967ን ያነሳሉ፤ ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነውና።

አባታችን ካረፈ በኋላ ስድስት ዓመት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆመች። ሸራው ይጠብቃታል ብለን ነበር። ለካ ከሥሯ ያለው አፈር ክረምት በመጣ ቁጥር የሚተነፍሰውን እርጥበት ሸራው አፍኖ ይዞ ለላሜራው ሲመግብ ኖሯል። ተገልጣ ብትቆም ይሻላት ነበር። ቢያንስ ፀሐይ ያደርቃታል።

በ2013 ዓ.ም. ወንድሜ ሌላ ጋራዥ አስገባት። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስትወጣ እንደ ሙሽራ ታበራ ነበር፣ እናቴ እልል አለች። ሁለት ክረምት አለፈና የኋላ ፓራፋንጎዎቿ (የጎማ መከለያዎቿ) ላይ ቀለሙ ውሃ እንደቋጠረ ቃጠሎ አበጠ። አንዱን እብጠት በጥፍሬ ጫን ስለው ፈነዳና ቡናማ ውሃ ወጣ። ከሥሩ ስቱኮ ነው። አንድ ጣት የሚሞላ ስቱኮ! ስቱኮ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በንጹህ ብረት ላይ ስስ ተደርጎ የመርቴሎ ዱካ ለማስተካከል የተሠራ ነው። ዝገት ላይ ሲለጠፍ ግን ውሃ ይጠጣል፣ የጠጣውን ለዝገቱ ያቀብላል፣ ከላይ ቀለሙ አምሮ ሳለ ብረቱ ከታች ያልቃል።

ጋሼ ጋ የሄድኩት በነሐሴ 2016 ነው። ሰላምታ ተለዋውጠን ዋጋ ጠየቅኩት። "ልጄ፣ ሳላያት ምን ብዬ ነው ዋጋ የምጠራልሽ?" አለኝ። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጣ። ከድሮ ስፒከር የተፈታች ናት። ጨርቁ ቀለም እንዳትቧጭር ነው። ከጣሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ጣሪያው ላይ ጥብቅ። ኮፈኑ ላይ ጥብቅ። የግራ በሩ ታችኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ማግኔቷ ተንሸራታ መሬት ወደቀች። አንስቶ ደገማት፤ ደግማ ወደቀች። ምንም አላለም። በሰማያዊ ጠመኔ አከበበበትና ወደ ሚቀጥለው ሄደ። ዙሩን ሲጨርስ መኪናዋ የልጆች ደብተር መስላለች።

ከዚያ የኋላ ወንበሩን አነሳ። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል። ባትሪውን አወጣና ካቻቢቴ ይዞ ወለሉን ነካ አደረገው። አልወጋውም፣ ነካ ነው ያደረገው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። መልሶ ሲስበው እንደ ድርቆሽ የሚፈረፈር ቡናማ ቅርፊት ይዞ ወጣ፣ በቀዳዳውም የግቢው ጠጠር ታየኝ። "የባትሪ አሲድ ነው" አለኝ። "ሁሉም ቮልስ ከዚህ ጀምሮ ነው የሚታመመው።" ከሥር ገብተን ስናይ ደግሞ ያ ቦታ ደህና ይመስላል። ለምን ቢባል፣ የቀድሞው ጋራዥ የበርሜል ቆርቆሮ ቆርጦ በሪቬት መትቶበት፣ ላዩን ሬንጅ ቀብቶታል። ሬንጅ በላዩ ውሃ አያስገባም፤ ከላይ ከወንበሩ ሥር የገባውን ግን ይዞ ያስቀረዋል። የባትሪው አሲድና የዝናቡ ውሃ በሁለት ቆርቆሮ መሃል ታፍነው ነው የከረሙት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። መርቴሎውን ገልብጦ በእጀታው የበሩን ደፍ ኳ ኳ አደረገ። ጆሮውን አስጠጋ። ደህና ላሜራ ይጮሃል፣ የታመመ ድምፁ ይታፈናል። ቮልስ ላይ ከበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን ብረት አለ። እግራችንን ያሞቀን የነበረው አየር የሚያልፈው በዚያ ነው። ሥራው ግን አየር ማሳለፍ ብቻ አይደለም። የመኪናዋ ገላ ከወለሏ ጋር በብሎን የሚታሰረው በዚህ ሣጥን ላይ ነው፤ የበሮቹ ምሰሶዎችም የቆሙት በእሱ ላይ ነው። የሚዝገው ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የአባቴ ቮልስ ሁለቱም ሣጥኖች በልቷቸዋል። የግራ በሯ ሲከፈት ዝቅ ይል የነበረው ማጠፊያው አርጅቶ ይመስለን ነበር። የቆመበት ብረት አልቆ ነው።

የመጨረሻው የሕመም ዝርዝር እንዲህ ሆነ። የቀኝ ወለል፣ ሁለቱ የደፍ ሣጥኖች፣ ሁለቱ የኋላ ፓራፋንጎዎች፣ የፊት ስኮርታ ጎማ የሚቀመጥበት ገንዳ ታችኛው ክፍል፣ የግራ በር ታችኛው ጫፍ። ጣሪያ፣ ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎዎች፣ የቀኝ በር፣ የግራ ወለል ደህና። የፊት እግሮቿ የሚታሰሩበት የሻንሲው ራስም ደህና ነው። ጋሼ እሱን ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ ሬንጁን ፍቆ፣ ባትሪ መብራት ይዞ ነው ያየው። "ይሄ በልቷት ቢሆን አልነካትም ነበር፣ ወስደሽ እንደ ቅርስ አስቀምጫት ነበር የምልሽ" አለኝ። ደንበኛ ሊያጣ ይችል የነበረበትን እውነት ፊቴ ላይ መናገሩ ነው እዚያው እንድወስን ያደረገኝ።

ለመሥራት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ከጠፍጣፋ ላሜራ በእጅ ቀጥቅጦ ማውጣት ነው። የበሩን ጫፍና የስኮርታውን ገንዳ እንዲህ ነው የሠራቸው፤ ትንሽና ቀላል ቅርጽ ስለሆኑ። ፓራፋንጎ ግን ቮልስ ላይ ከላይ እስከ ታች ክብ ነው፣ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። በእጅ የተቀጠቀጠ የቮልስ ፓራፋንጎ ከሩቅ ያስታውቃል። ሁለተኛው ከውጭ ማስመጣት ነው። ውጭ አገር አዲስ የተመረተ የቮልስ ላሜራ ይሸጣል፤ መኪናዋ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት የቆየች፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች ናትና ዕቃዋ ገና ገበያ አለው። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ የመስታወትና የበር ጎማዎቹን በሻንጣ አምጥታልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ፓራፋንጎና ወለል ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በጭነት ይምጣ ካላችሁ የማጓጓዣውንና የቀረጡን ሒሳብ ራሳችሁ ሥሩት።

ሦስተኛው መንገድ ለዕቃ ከምትፈታ ሌላ ቮልስ ላይ ቆርጦ ማምጣት ነው። እኔ አሁን በዚህ አምናለሁ። ፋብሪካው ራሱ የጨፈለቀው ላሜራ ነው፣ የብሎን ቀዳዳው ቦታው ላይ ነው፣ እጥፋቱ እጥፋት ነው። ግን ቶሎ በሉ እላለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጭኗል። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች ያሉት ናቸው። አንዷ ለብረት ቀላጭ በተሸጠች ቁጥር የሁላችንም መለዋወጫ ይቀንሳል።

ፍለጋው ሁለት ወር ፈጀ። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን በእግሬ ጨርሻታለሁ። ደላሎቹ "ቮልስ ቮልስ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው" ይላሉ። አንድ አይደለም! ከ1968 ሞዴል በፊት ያሉት የፊት መብራታቸው ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፣ ኮፈናቸውም ይረዝማል፣ ቤንዚን የሚሞላውም ኮፈኑ ተከፍቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት መብራታቸው ቀጥ አለ፣ ኮፈኑ አጠረ፣ የቤንዚኑ መሙያም ቀኝ ጎን ላይ በትንሽ ክዳን ወጣ። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ የኋላ መብራቱ ትልቅ ክብ ሆነ፤ ስለዚህ የዚያ ፓራፋንጎ ቀዳዳው ለእኔዋ አይሆንም። ግምባሯ ሰፋ ብሎ ያበጠው፣ ፊቷ ላይ ሌላ ዓይነት ሞላ ያላት ቮልስ ኮፈኗም አይገጥምም። ይህን ሁሉ ጋሼ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ስሎ ሰጥቶኝ ነው ያወቅኩት። ያቺ ወረቀት እስካሁን ሊብሬው ውስጥ አለች።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ሰው ድሬዳዋ ቆማ ስላለች የ1969 ሞዴል 1500 ነገረን። ሞተር የላትም፣ ወንበር የላትም፣ መስታወቷ ግማሹ ተሰብሯል። የጋሼ ፊት ግን በራ። ዝገት የሚፈልገው እርጥበት ነው፣ ድሬዳዋ ደግሞ ደረቅ ቆላ ናት። ፀሐዩ ቀለሙንና ጎማውን ይጨርሳል እንጂ ላሜራውን አይነካውም። "ቀይ ባሕር ዳር የኖረች ብትሆን በነፃም አልወስዳትም" አለኝ፣ የጨው አየር ብረት ላይ ምን እንደሚሠራ እያብራራ። ቢሆንም ሳያይ አላመነም። በቴሌግራም አራት ፎቶ አስጠየቀኝ። የባትሪው ቦታ ከላይ፣ ያው ቦታ ከሥር፣ የደፉ ሣጥን የፊት ጫፍ፣ የኋላ ፓራፋንጎ ከጎማው በኩል ከውስጥ። ሙሉ መኪናዋን የሚያሳይ ፎቶ ሲላክልን ሳያየው አለፈው።

ወረቀቷንም አትርሱ። ሊብሬዋ ከሻጩ ስም ጋር መግጠሙን አየን፣ ውል ተዋዋልን። የተሰረቀ መኪና ላሜራ ይዞ መገኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሌላም አለ። ቮልስ የሻንሲ ቁጥሯ የሚመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉን መሃል ለመሃል በሚከፍለው ጉብታ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ሥራ ለማሳጠር የሌላዋን ወለል ከነጉብታው አንስቶ ይገጥማል። ያን ጊዜ መኪናችሁ በሕግ ሌላ መኪና ሆነች ማለት ነው፤ ለቦሎ ስትሄዱ ቁጥሩና ሊብሬው አይገናኙም። ጋሼ ይህን ያነሳው እኔ ሳልጠይቀው ነው። ጉብታውን ሳይነካ፣ ከድሬዳዋዋ የቀኙን ወለል ብቻ በስፌቱ በኩል ቆርጦ ነው የወሰደው። የአባቴ ቁጥር ቦታው ላይ አለ።

በአይሱዙ ተጭና ስትገባ እኔም ሄጄ ነበር። ቀለሟ በፀሐይ ነጥቶ እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይወጣል። ጋሼ ፓራፋንጎውን ከውስጥ በብረት ብሩሽ ፋቅ ሲያደርገው የፋብሪካው ግራጫ ቀለም ብቅ አለ። ከሃምሳ ዓመት በላይ! ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራ አቁመው መጥተው አዩት።

ሥራው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ የሚፈልግ ይኖራል ብዬ ትንሽ ልበል፣ ጋራዥ ስትመርጡ የምትጠይቁት ይሄንን ስለሆነ። በመጀመሪያ ቤንዚን ጋኑን አወጣ። ቮልስ ጋኗ ፊት ነው፣ ከሾፌሩ እግር ብዙ አይርቅም፤ ጋን ሳያወጣ የሚበይድ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቀጥሎ በሁለቱ የበር ክፍተቶች ውስጥ የብረት ቱቦ በይዶ ወጠራቸው። ደፉ ሲቆረጥ ገላው መሃሉ ላይ ይጎብጣል፣ አንዴ ከጎበጠ በር ተመልሶ አይገጥምም። አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ ሌላውን አልነካም። ከድሬዳዋዋ ላይ ያለውን ሣጥን ሲያወጣ በግራይንደር አልቆረጠውም። የፋብሪካውን የብየዳ ነጥቦች አንድ በአንድ በትራፓኖ እየበሳ ፈታው። አንዱን ሣጥን ለመፍታት ሦስት ቀን ፈጅቷል። ያን ጊዜ ምን ያንቀራፍፈዋል ብዬ ተናድጄ ነበር። ሣጥኑ ሳይታጠፍ፣ ጠርዙ ሳይጎድል ሲወጣ ገባኝ።

ብየዳው በሚግ፣ ማለትም ሽቦና ጋዝ በሚጠቀም ማሽን ነው። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። በተራው የኤሌክትሪክ ብየዳ ይበሳል፣ በካርቦሮ እሳት ደግሞ ይጠማዘዛል። ጋሼ አንድ ነጥብ ይመታል፣ ከዚያ አንድ ክንድ ርቆ ሌላ ነጥብ ይመታል፣ ብረቱ እስኪበርድ በእጁ ይጠብቃል፣ ተመልሶ መሃሉን ይመታል። እጁን አስቀምጦ መያዝ ካልቻለ አይቀጥልም። እንዲህ እያለ አንዱን ደፍ ጨርሶ በሩን ሲዘጋው የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። ድሮ አባቴ ሲዘጋው የነበረው ድምፅ ነው፣ አጭርና ድፍን። ወንድሜ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ምንም ሳይል ከፍቶ ደግሞ ዘጋው።

ከመዘጋቱ በፊት የሣጥኑ ውስጥ አንቲረስት ተቀባ፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ሰም መሰል ዘይት ተረጨበት። ታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ከፈታቸው። የበሩ ጫፍ የዛገው እነሱ በአቧራ ተደፍነው ነው። ይህን እናንተም ቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሽቦ ውሰዱ፣ የበሩን ታች ጠርዝ ዳብሱ፣ ቀዳዳዎቹን ፈልጋችሁ ክፈቱ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ጊዜው። ከመስከረም እስከ ሰኔ። ግማሹ መዘግየት ሰበብ አለው፤ ፍለጋው፣ መብራት መጥፋቱ፣ የብየዳው ጋዝ መጥፋት። ግማሹ ግን የለውም። ከጥር እስከ የካቲት ስድስት ሳምንት ማንም አልነካትም። ሌላ ሥራ ገብቶበት ነበር። ይህን ቢነግረኝ እጠብቅ ነበር። ስልክ አያነሳም፣ መልእክት አይመልስም፤ ማወቅ ከፈለጋችሁ በአካል መሄድ ነው። ከአያት እስከ መርካቶ ለ"ነገ ነይ" የሄድኩበትን ቀን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ቀለሙ። ጋሼ ላሜራ ሠሪ ነው፣ ቀለሙን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው የእሱ ትዕግሥት የለውም። የግራ የኋላ ፓራፋንጎ ከገላው ቀለም ትንሽ ቢጫ ይላል። ጥላ ውስጥ አይታይም፣ ፀሐይ ላይ ይታያል። ይባስ ብሎ ፓራፋንጎዎቹን ሲገጥሙ በፓራፋንጎውና በገላው መሃል የምትገባውን ጥቁር የጎማ ክር ረስተዋት ብረት በብረት አስረውት ነበር። ያቺ ክር ለውበት አይደለችም። እሷ ከሌለች ብረቱ ይፋተጋል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ውሃ መሃሉ ይተኛል፣ በሁለት ክረምት የጀመርንበት ቦታ ነን። ልወስዳት መጥቼ ጣቴን በስፌቱ ላይ ሳሳልፍ ነው ያወቅኩት። ጋሼን ጠራሁት። አየው፣ ፊቱ ተለዋወጠ፣ ልጆቹን አልጮኸባቸውም፤ 13 ቁልፍ ይዞ ራሱ ተንበርክኮ ሁለቱንም ፈታቸው። እስከ ማታ ቆይቶ በክሩ ገጠማቸው። አንድ ብር አልጠየቀኝም። ቀለሙን ግን "ከክረምት በኋላ አስተካክለዋለሁ" ብሎኛል፣ እስካሁን አልተስተካከለም።

ዕቃ አያያዙም መሻሻል አለበት። የተፈታ ብሎንና ዳዶ በቀለም ጣሳ ውስጥ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው። የመርገጫው ጌጥ አንዱ ጠፍቶ ከድሬዳዋዋ ወስደው ተኩልኝ። መኪና ስታስገቡ የሚፈታውን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ትንንሹን ዕቃ ቤታችሁ ውሰዱት።

ዋጋውን በብር ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል፣ በተለይ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጋዙም የቀለሙም ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። አከፋፈሉን ልንገራችሁ። ካወጣሁት ከእያንዳንዱ አሥር ብር አምስቱ የእጅ ዋጋ ነው፣ ሁለቱ የድሬዳዋዋ ዋጋ ከነማጓጓዣዋ፣ ሁለቱ ቀለም፣ አንዱ ጎማና ትንንሽ ነገር። ከውጭ ሲታይ ላሜራው ውድ ይመስላል፤ ውዱ ትዕግሥቱ ነው። ጋሼ ቀብድ ትንሽ ነው የተቀበለኝ። ከዚያ አንድ ጎን ባለቀ ቁጥር ጠርቶ አሳይቶ ነው የሚወስደው። ከመቀባቱ በፊት፣ ብየዳው ራቁቱን እያለ ነው የሚያሳየው። ይህን የማያደርግ ጋራዥ ውስጥ ከእንግዲህ መኪና አላስገባም። የቀድሞው ጋራዥ ሙሉውን ገንዘብ ተቀብሎ ያሳየን ቀለሙን ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ሆን ብዬ ሸራ አላለበስኳትም። ሐምሌና ነሐሴን ደጅ አደረች። በየሳምንቱ ቅዳሜ ወንበሩን አንስቼ፣ ምንጣፉን ገልጬ አይ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ከኋላ መስታወቱ ጥግ ትንሽ ውሃ አገኘሁ፤ ጎማው በደንብ አልተቀመጠም ነበር፣ ተስተካከለ። ባትሪውን አሁን ጠርዝ ባለው የፕላስቲክ ገበታ ላይ አድርጌዋለሁ፣ አሲድ ቢያፈስ ወለሉን አይነካውም። ወደ ቢሾፍቱ ሁለቴ ሄደናል። እናቴ ፊት ተቀምጣ ማንሻዋን ሳበችና እግሯን ዘረጋች። ሙቀቱ ደረሳት። ያ አየር ከስንት ዓመት በኋላ ፊት ድረስ መጣ፣ ሣጥኑ ቀዳዳ የለውማ።

ከድሬዳዋዋ የተረፈው ጣሪያዋ፣ የግራ በሯ፣ የፊት ፓራፋንጎዎቿና የግራ ወለሏ ነው። ጋሼ ግቢ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በጣውላ ላይ ተቀምጧል፤ ብረት ቀላጮች ሁለቴ ጠይቀውት አልሸጠም። በሯን እኔ ይዣታለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ የግራ በሬን ሙሉ ልንቀይር ነው፣ በጫፉ የተለጠፈው አላረካውም ብሎኛል። ወለሏንና ፓራፋንጎዎቿን ግን ከ1968 እስከ 1972 ሞዴል ያላችሁ ብትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ይዤአችሁ እሄዳለሁ። ስልክ ስለማያነሳ።